የሴቶች ልጆች የኳስ ቡድንና የነጋዴው ድርሻ

በዚህ ጋዜጣ ላይ ዘወትር የሚነበበው የቡናና የሰሊጥ ዋጋ፥ የጭነት መኪና ኪራይ፥ የባንክ ብድርና የግብር ነገር ነውና፥ ዛሬ ስለ ልጃገረዶች የኳስ ጨዋታ የሚናገር ጽሑፍ ሲያጋጥማችሁ «ይህ ደግሞ ከንግድ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ነገሩ ግን በእውነት የንግድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የእስፖርት አስተማሪ ነቀምቴ ከሚገኘው ሱቄ መጥቶ ለትምህርት ቤቱ ቡድኖች ርዳታ ጠየቀኝ። እኔም ለወንዶቹ ልጆች አዲስ ማልያ፥ ካልሲና ኳስ ገዝቼ ሰጠሁ። ሴቶቹንም አልረሳኋቸውም ለማለት፥ የወንዶቹን ያምናውን ማልያ አጥበው እንዲለብሱት አደረግሁ፤ በጊዜው ቸርነት መስሎኝ ነበር። በውድድሩ ቀን ከሜዳው ዳር ቆሜ ስመለከት ማልያው እስከ ጕልበታቸው ወርዶ፥ ከዐሥራ አንዱ አራቱ በባዶ እግራቸው ሲሮጡ አየሁ። በያንዳንዳቸው ጀርባ ላይ የሱቄ ስም ተጽፎ ነበር። በማግሥቱ ቆርቆሮ ሊገዛ የመጣ አንድ ደንበኛዬ «ያ በልጆቹ ጀርባ ላይ ያየሁት ስም ያንተ ነውን?» ብሎ ቢጠይቀኝ የምመልሰው ቃል አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ነው ሌሎች ነጋዴዎች በሌላ አገር ይህን ጉዳይ እንዴት እንደ ያዙት ለማወቅ መጻሕፍት ማገላበጥ የጀመርሁት።

ካገኘሁት ሁሉ በጣም ያስደነቀኝ የአሜሪካን አገር ሴቶች የቤዝቦል ታሪክ ነው። ቤዝቦል በእኛ አገር እምብዛም ያልተለመደ ጨዋታ ስለ ሆነ ጥቂት ላስረዳ። የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ለመረዳት አይቸግረውም፤ ይህም እንደ ገና በዱላ የሚመታ ኳስ ነው። ልዩነቱ፥ ኳሱ በመሬት የሚነዳ ሳይሆን ከተቃራኒው ቡድን አንዱ ተጫዋች ወርውሮት መቺው በአየር ላይ የሚመታው መሆኑ ነው፤ መቺው ኳሱን ከመታ በኋላ በሜዳው ላይ የተተከሉትን ማዕዘኖች በሩጫ ዞሮ ወደ ተነሣበት ቢመለስ ነጥብ ይቈጠርለታል። አሜሪካኖች ይህን ጨዋታ እንደ ብሔራዊ ሀብት ያዩታል።

በ1935 ዓ.ም.፥ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1943፥ እኛ ከጠላት ወረራ ከወጣን ገና ሁለት ዓመት ሲሆነን፥ አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ነበረች። ጐልማሶቹ ወደ ጦር ሜዳ ስለ ዘመቱ ሜዳዎቹ ባዶ እንዳይሆኑ ተሠጋ። በማስቲካ ንግድ የበለጸገውና የቺካጎ ቤዝቦል ቡድን ባለቤት የነበረው ፊሊፕ ሪግሊ የሴቶች ሊግ እንዲቋቋም ያደረገው በዚያን ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ሊጉ የተጀመረው በኒው ዮርክ ወይም በሌላ ታላቅ ከተማ አይደለም። ሮክፎርድ፥ ሳውዝ ቤንድ፥ ራሲንና ኬኖሻ በሚባሉ አራት መካከለኛ የፋብሪካ ከተሞች ነው። ገንዘቡንም ሪግሊ ብቻውን አላወጣውም፤ የየከተማው ባለሀብቶች ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ድርሻቸውን አስቀድመው ቃል ገብተዋል። ተጫዋቾቹ በሳምንት ከ45 እስከ 85 ዶላር ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር። በ1948 እንደ እነርሱ አቈጣጠር ቡድኖቹ ዐሥር ደርሰው፥ በዚያ አንድ ዓመት ብቻ ከ900,000 የሚበልጥ ተመልካች ሜዳ ገብቷል። ሊጉ እስከ 1954 በቆየበት ዘመን ከ600 በላይ ሴቶች ተጫውተውበታል።

ይህን ስጽፍ ሁሉ ነገር መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። ተጫዋቾቹ ለተመልካች ዐይን ደስ እንዲሉ በቀሚስ እንዲጫወቱ ይገደዱ ነበር፤ ወደ ማዕዘኑ ተንሸራተው ሲገቡ ጭናቸው በአሸዋ እየተላጠ ይቈስል ነበር። ጥቍር ሴቶች ደግሞ በዚህ ሊግ ውስጥ ቦታ አልተሰጣቸውም፤ ቶኒ ስቶን የምትባለው ጥቍር ተጫዋች በ1953 ከጥቍሮች ሊግ ገብታ ከወንዶች ጋር እስከ መጫወት ደርሳለች። የሊጉም መጨረሻ ለእኛ ለነጋዴዎች ትምህርት የሚሆን ነው። ከጦርነቱ በኋላ የየቡድኑ ባለቤት ለየራሱ ማሰብ ጀመረ፤ ለማስታወቂያ የሚወጣው ገንዘብ ተቈረጠ፤ ቴሌቪዥንም የወንዶቹን ጨዋታ ወደ ሰው ሳሎን አመጣው። ለኳሱ ያላቸው ችሎታ አልቀነሰም ነበር፤ የጠፋው ከጀርባቸው የቆመው ደጋፊ ነው። በኩፐርስታውን የሚገኘው የቤዝቦል የክብር ቤተ መዘክር እነዚህን ሴቶች የሚያስታውስ ትርኢት የከፈተው በ1988፥ ሊጉ ከተዘጋ ከ34 ዓመት በኋላ ነው። በዚህ መካከል ብዙዎቹ አርጅተዋል፤ ሳያዩት የሞቱም አሉ።

ሴት የሠራችውን ዘግይቶ ማመስገን የባዕድ አገር ጥፋት ብቻ እንዳይመስለን፥ ከራሳችን ከነቀምቴ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ1899 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስናነሣ ሁላችንም የኦነሲሞስ ነሲብን ስም እንጠራለን፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ቃላቱን እየሰበሰቡ ከጎናቸው የደከሙት፥ በኋላም ነቀምቴ መጥተው ልጆች ያስተማሩት ወይዘሮ አስቴር ጋኖ ስማቸው የሚነሣው ስንት ጊዜ ነው?

ወደ ኳሱ እንመለስ። የአገራችን ሴቶች በሩጫ ያገኙትን ክብር መዘርዘር አያስፈልግም፤ ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ፥ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቍር አፍሪካዊት ሴት መሆኗን ዓለም ያውቃል። በእግር ኳስም ቢሆን ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲ በ1997 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ አራተኛ ሆኗል። ከዱራሜ የተነሣችው ሎዛ አበራ እስከ ማልታ ሄዳ ተጫውታለች። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድንም በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ክለቦችን ማጣሪያ አዲስ አበባ ላይ አሸንፎ፥ ለአፍሪካ ሴቶች የሻምፒዮኖች ሊግ በመብቃት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆኖ ወደ ሞሮኮ ተጕዟል። እዚህ ላይ የማሳስበው አንድ ነገር፥ ይህን ቡድን በስሙ ያቆመው ድርጅት ሥራው ገንዘብና ሒሳብ የሆነ ባንክ መሆኑን ነው። ባንክ የማያዋጣውን ነገር ዓመት ከዓመት አይዝም።

እኛስ? የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ «ለቀምት» ተብሎ፥ በከተማችን ስም እንደሚሸጥ ላኪዎቻችን ከኔ ይልቅ ያውቁታል። ያንን ቡና ከዛፉ የሚለቅሙት፥ በአልጋ ላይ እያገላበጡ የሚያደርቁት፥ በመጋዘን ተቀምጠው አንድ በአንድ የሚለዩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። የከተማችን ስም በጆንያ ላይ ተጽፎ ባሕር የሚሻገረው በእነርሱ እጅ ነው። የእነዚሁ ሴቶች ልጆች ኳስ መጫወት ሲወዱ ግን ድርሻቸው ያረጀ ማልያ ይሆናል፤ ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱም ጨዋታውን ይተዋሉ። የሚተዉት ስለ ሰለቻቸው አይደለም፤ ጫማ ስለሌላቸው፥ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄዱበት መኪና ስለማይገኝና ወላጅም ሴት ልጁን ለማን አምኖ እንደሚልካት ስለማያውቅ ነው።

«በዚህ ክፉ ዘመን ስለ ኳስ ይወራልን?» የሚለኝ ሰው ይኖራል። በቅርብ ዓመታት በአካባቢያችን በደረሰው የጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ፥ ዕቃ በመንገድ ሲቀር፥ ስንቱ ሱቅ እንደ ተዘጋ እኔም ከደረሰባቸው አንዱ ነኝና አልክድም። ቢሆንም የራሲንና የኬኖሻ ሰዎች ቡድናቸውን ያቋቋሙት በሰላም ጊዜ አልነበረም። መንገድ ሲዘጋ ወንዱ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ደጅ ይወጣል፤ ሴቷ ልጅ ግን ከቤት አትወጣም፥ ትምህርት ቤትም ቢዘጋ የምታየው ሰው የለም። በሳምንት ሁለት ቀን ከሠፈሯ ሳትርቅ የምትሄድበት ሜዳና የሚጠብቋት ጓደኞች መኖር ለእንዲህ ያለች ልጅ ትንሽ ነገር አይደለም።

የወላጆችን ሥጋት በሚመለከት የአሜሪካኖቹ ሊግ ያደረገው ነገር ለእኛ አገር ተስማሚ መስሎ ይታየኛል። እያንዳንዱ ቡድን ከአሠልጣኙ ሌላ፥ ልጃገረዶቹን በጕዞና በማደሪያ የምትጠብቅ አንዲት የታመነች ሴት ነበረችው። በየከተማችን ሰው የሚያከብራቸው፥ እናቶች የሚያምኗቸው ወይዛዝርት ሞልተዋል፤ ለእነዚህ የመጓጓዣና የውሎ አበል ብንከፍል የብዙ ወላጅ በር ይከፈታል።

ስለ ገንዘቡ ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው። ርዳታ የሚለውን ቃል እንተወውና በማስታወቂያ ወጪ እንመዝግበው፤ ደረሰኙም እንደ ማንኛውም የንግድ ወጪ ከመዝገብ ይግባ፥ ዝርዝሩን የሒሳብ ሠራተኞቻችሁ ያውቁታል። በነቀምቴ፥ በጊምቢ፥ በነጆ፥ በመንዲ፥ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ ያሉ ነጋዴዎች በየከተማቸው ስምንት ወይም ዐሥር እየሆኑ ለሦስት ዓመት የሚጸና ውል ይፈርሙ፤ ገንዘቡም ትምህርት ቤት ሳይከፈት በፊት ገቢ ይሁን። አንድ ዓመት ሰጥቶ በሚቀጥለው መጥፋት ጨርሶ ካለመስጠት የከፋ ነው፤ ልጆቹን አስለምዶ መጣል ይሆናልና። የዐሥራ ስምንት ልጆች ጫማና ማልያ ለዐሥር ነጋዴ ቢካፈል ለያንዳንዳችን ለአንድ ሰርግ ከምንሰጠው ስጦታ ብዙም አይርቅም። ውድድሩም ለጊዜው በቅርብ ባሉ ከተሞች መካከል ይሁን፤ የነቀምቴ ልጆች ከሲቡ ስሬና ከአርጆ ልጆች ጋር ይጀምሩ፥ መንገዱ ሲሻሻል ደግሞ ይስፋፋ።

ሌላው ልመናዬ ለዚህ ጋዜጣ አዘጋጅ ነው። የጨዋታው ውጤት በየሳምንቱ ከቡናው ዋጋ አጠገብ ይታተም፤ የሚጻፈውም የከፈልነው ነጋዴዎች ስም ብቻ ሳይሆን የተጫወቱት ልጆች ስም፥ የአባታቸውም ስም ጭምር ይሁን። የአሜሪካኖቹን ተጫዋቾች ከ34 ዓመት በኋላ ማስታወስ የተቻለው በየከተማቸው ጋዜጦች ላይ ስማቸውና ውጤታቸው ተመዝግቦ በመቈየቱ ጭምር ነው።

እኔ በበኩሌ ያንን አሮጌ ማልያ ከትምህርት ቤቱ አስመልሼ፥ ለመጪው ዓመት የአንድ ቡድን ጫማ ለመግዛት ፈርሜአለሁ። አስተማሪው የልጆቹን የእግር ቍጥር ለክቶ ልኮልኛል፤ ከመካከላቸው አምስቱ 36 ቍጥር ናቸውና፥ በዚህ ልክ የሴት የኳስ ጫማ የሚያስመጣ አስመጪ ካለ በምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት በኩል ቢያስታውቀኝ ወረታውን አልረሳም።