የዳነችው አይጥ ናት

አባቴ ሸሚዙን ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። ፓርኪንሰን ከያዘው ስድስት ዓመት አለፈው። እህቴ ከዋሽንግተን እየደወለች «ለአባባ መድኃኒት ተገኘለት እኮ!» ትለኛለች። የላከችውን ዜና እከፍታለሁ፤ አራተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ የዳነው ሰው ሳይሆን አይጥ ነው። ይህን ለአባቴ የምነግረው ደግሞ እኔ ነኝ። ሰለቸኝ!

እንስሳ ላይ አይሞከር አልልም። አባቴን ጠዋት ከአልጋው የምታስነሳው ሌቮዶፓ ራሷ የጥንቸሎች ዕዳ አለባት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መገባደጃ ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ሬዘርፒን ሰጥቶ ያፈዘዛቸውን ጥንቸሎች ዶፓ ሲወጋቸው ተነሥተው መንቀሳቀስ ጀመሩ። በ2000 የኖቤል ተሸላሚ ሆነ። ግን ልብ በሉ፤ የተመለሰው እንቅስቃሴ ነው። በሽታውን ያቆመ የለም።

በሽታውን እናቆማለን የሚሉትስ በምን ይሞክራሉ? በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ በድብቅ የተሠራ ሄሮይን መሰል ዕፅ የወሰዱ ወጣቶች በቀናት ውስጥ ደርቀው ቀሩ። ጥፋተኛው ኤምፒቲፒ የተባለ፣ ዶፓሚን አመንጪ የአንጎል ሕዋሳትን የሚገድል መርዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያንኑ መርዝ አይጥና ጦጣ ይወጋሉ። ታዲያ ያ እንስሳ ፓርኪንሰን ይዞታል? ኧረ በጭራሽ! ተመርዟል እንጂ። አባቴ ግን እጁ ከመንቀጥቀጡ ከዓመታት በፊት የቡና ሽታ ጠፍቶት ነበር።

ይባስ ብሎ፣ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ለእንስሳው የሚሰጠው ከመርዙ አስቀድሞ ወይም አብሮ ነው። የትኛው ሕመምተኛ ነው በሽታው ሳይጀምረው ሐኪም ቤት የሚሄደው? ሲኢፒ-1347 የተባለው መድኃኒት የተመረዙ እንስሳትን ሕዋሳት ጠብቆ ነበር። ከ800 በላይ ሕሙማን ላይ ሲሞከር ግን ምንም አልፈየደም፤ በ2005 ተቋረጠ። እነዚያ ሰዎች ተስፋ አድርገው ነበር እኮ!

ስለዚህ ተመራማሪዎች ሆይ፣ መድኃኒታችሁን ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ፣ ባረጀ እንስሳ ላይ ሞክሩ፤ ያልሠራውንም አሳትሙ። ጋዜጠኞችም «አይጥ» የሚለውን ቃል አራተኛው አንቀጽ ውስጥ አትደብቁብን፤ ርእሱ ላይ ጻፉት። አባቴ አንባቢ ነው። እውነቱን ይችለዋል። ያቃተው በየወሩ ድኖ በየወሩ እንደገና መታመም ነው።