ስርዝ ድልዝ ያለበት ማስረጃ

የአርትዖትና የኅትመት ትምህርት የምንከታተል ተማሪዎች በተሰበሰብንበት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሣል። «ከተመረቅን በኋላ ማን ይቀጥረናል?» የሚል ነው። የሌላ ክፍል ጓደኞቻችንም ይህን ሲሰሙ «አራት ዓመት ሙሉ ነጥብና ሰረዝ ለማስተካከል?» እያሉ ይሥቁብናል። ሣቁን እንተወውና ጥያቄው ግን መልስ የሚያሻው ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ በአገራችን ብዙ መጻሕፍት የሚታተሙት ከደራሲው ኪስ በሚወጣ ገንዘብ ነው። ደራሲው ረቂቁን ለኮምፒዩተር ጸሐፊ ይሰጣል፤ የተጻፈውን ራሱ ያነባል፤ ከዚያም ወደ ማተሚያ ቤት ይዞ ይሄዳል። ወረቀት በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ ዋጋው በናረ ቁጥር ከወጪው ዝርዝር አስቀድሞ የሚሰረዘው የአርታኢ ድካም ነው። እንግዲህ ተመርቀን ስንወጣ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀን ወንበር ጥቂት መሆኑን መካድ አይገባም።

ነገር ግን ቀጣሪ የለም ማለትና ሥራ የለም ማለት ልዩ ልዩ ነገር ነው። ከመጻሕፍት መደብር አንድ አዲስ መጽሐፍ ገዝቶ እርሳስ ይዞ ማንበብ ነው። በገጽ 12 «ዓለም» ተብሎ የተጻፈው በገጽ 40 «አለም» ሆኖ ይገኛል፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ የሞተች አክስት በስድስተኛው ቡና ስታፈላ ትታያለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ደራሲውም የራሱን ስሕተት ሳያየው የሚያልፈው ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን፣ ሊጽፈው ያሰበውን እንጂ የጻፈውን ስለማያነብ ነው። በመካከል ሌላ ዐይን ያስፈልጋል። ይህ ዐይን ግን ዲግሪ በመያዝ ብቻ አይገኝም።

መምህራኖቻችን አይቀየሙንና እዚህ ላይ ቅሬታችንን እንገልጻለን። ስለ አርትዖት ብዙ እንማራለን፤ የማረሚያ ምልክቶችን ስም በፈተና እንጽፋለን፤ የአሳታሚን ድርሻ በተራ ቁጥር እንዘረዝራለን። ነገር ግን እውነተኛ ደራሲ የደከመበትን፣ ገና ያልታተመና በጉድለት የተሞላ ረቂቅ በእጃችን ይዘን ሳንሠራበት ሴሚስተሩ ያልቃል። መዋኘት በጥቁር ሰሌዳ ላይ አይለመድም። ለሥራ ስናመለክት «ስርዝ ድልዝ የሌለው ማስረጃ አቅርቡ» እንባላለን፤ ለሞያችን ግን የሚበጀው ማስረጃ ስርዝ ድልዝ ያለበት ነው። በቀይ የታረመ፣ በኅዳጉ ላይ ጥያቄ የተጻፈበት፣ ደራሲው አይቶ «ይህን ተቀብያለሁ፤ ይህን ግን አልቀበልም» ብሎ የመለሰው ሃያ ገጽ ከመመረቂያ ወረቀቱ ጋር ይዞ የሚወጣ ተማሪ ሞያውን ይዞ ወጣ እንላለን። ይህ የሌለው ምንም ያህል ከፍተኛ ነጥብ ቢያመጣ ገና ጀማሪ ነው።

ሞያው ከውጭ የመጣ የሚመስላቸውም አሉ። በብራና ላይ የሠሩ ቁም ጸሐፊዎቻችን ስሕተቱን በመፋቅ፣ የተዘለለውን ቃል በመሥመሮች መካከል በደቂቅ ፊደል በማግባት ሲያርሙ የነበሩ ናቸው። በቅርቡ ዘመንም ከሁሉ በላይ ልናስታውሰው የሚገባን የግእዙ መዝገበ ቃላት ታሪክ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን ሥራ ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ሰጡ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን ደክመውበት ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። አደራውን የተረከቡት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አሟልተው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ተብሎ በ1948 ዓ.ም. በአርቲስቲክ ማተሚያ ቤት እንዲታተም አደረጉ። የራሳቸው ያማርኛ መዝገበ ቃላት የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. ነው። የሌላውን ሰው ድካም ከራስ ሥራ አስቀድሞ ለፍሬ ማብቃት! አርታኢ የሚባለው ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ለሚጠይቀን ይህን ታሪክ ከማውራት የተሻለ መልስ የለንም።

የፊደሉን ነገር እንዲሁ ልናልፈው አንችልም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆኗል። በግእዝ ግን «ሠረቀ» ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው። ጥንቱ ይጠበቅ የሚሉ አሉ፤ ሞክሼው ይቀነስ የሚሉም አሉ። በመካከላችንም ሁለቱም ወገን ስላለ ክርክሩን በዚህ ገጽ አንፈጽመውም። አርታኢው ግን የትኛውም ወገን ቢሆን፣ ደራሲው የመረጠውን መንገድ ጠይቆ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ማስከበር ግዴታው ነው። ይህም የጌጥ ነገር አይደለም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሞክሼ ፊደል የየራሱን ቁጥር ይዟል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ የተለየ ብልሃት ካልተሰጠው በቀር «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ ሰው «ጸሐይ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። በመጽሐፉ መጨረሻ የሚወጣው የቃላት ማውጫም ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ካሁኑ አንድ ደብተር መድበን፣ በምናርመው ረቂቅ ሁሉ አከራካሪ ቃላቱንና የወሰንነውን አጻጻፍ በፊደል ተራ እንመዝግብ። በአራት ዓመት የሚሞላው ደብተር ከማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ይረዳናል።

ማተሚያ ቤት ገብቶ ማየትም ግድ ነው። ከተማችን ውስጥ በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም አለ፤ ሌሎችም ብዙ ትንንሽ ማተሚያ ቤቶች አሉ። አንድ ትልቅ ወረቀት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል። ረቂቁ በ160 ገጽ ቢያልቅ አሥር ወረቀት ይበቃዋል፤ በ163 ቢያልቅ ግን ለሦስት ገጽ ሲባል ወጪው ይጨምራል፤ ይህም በታተመው ቅጂ ቁጥር ልክ ይባዛል። ይህን የሚያውቅ አርታኢ ሦስት ገጽ የሚያሳጥርበትን ቦታ ለደራሲው ሲያሳየው የራሱን የድካም ዋጋ እዚያው ያስገኛል። «አርታኢ ለምን እከፍላለሁ?» ለሚል ደራሲ ከዚህ የቀለለ ማስረጃ አይገኝም። የገጽ ቅንብርን የኮምፒዩተር ሥራ በተመለከተ ማንም በራሱ ሊማረው ስለሚችል ቦታ አናባክንበትም።

ሌላው የምንለው፣ ሁላችንም ልብ ወለድ ለማረም አንሽቀዳደም። የልብ ወለድ ደራሲ ስሙ ይጠራል፤ የሚከፍለው ግን ጥቂት ነው። ስለ ጤና ለእናቶች የሚታደለውን ጽሑፍ፣ የሕግ ሰነዱን፣ የሕፃናቱን መጽሐፍ፣ የመማሪያ መጽሐፉን ማን ያርመው? ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ አፍ የፈቱ ጓደኞቻችን ደግሞ ከእኛ የበለጠ ዕድል አላቸው። በእነዚህ ቋንቋዎች ትምህርት ይሰጣል፤ በሞያው የሠለጠነ አራሚ ግን እንደ ልብ አይገኝም። የትምህርት ክፍላችን ልምምዱን ሁሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ብቻ መስጠቱ እነዚህን ተማሪዎች ግማሽ እጃቸውን አስሮ ማሠራት ነው።

ታዲያ ረቂቁ ከየት ይምጣ? ከቅርብ! በዚህ ግቢ በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ የየክፍሉ ተማሪዎች አሉን። ይህን ስንል አንዳንድ መምህራን «የሌላውን ጽሑፍ ልትጽፉለት ነውን?» ብለው ሊሠጉ እንደሚችሉ እናውቃለን፤ ሥጋቱም ተገቢ ነው። ስለዚህ ወሰኑን አስቀድመን እናበጃለን። አራሚው የፊደልና የሰዋስው ስሕተት ያርማል፤ አሳብ ሲጎድል ግን በኅዳጉ ላይ «ይህን ከየት አገኘኸው?»፣ «እዚህ ላይ አልገባኝም» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ከራሱ አይሞላም። የጽሑፉ ባለቤትም ማን እንዳረመለት በምስጋናው ገጽ ይጽፋል። የታረመው ቅጂም ለአማካሪ መምህሩ ይታያል፤ ምን የማን እንደ ሆነ ከዚያ የበለጠ የሚመሰክር የለም።

ለትምህርት ክፍሉ ሹማምንት የምናቀርበው ጥያቄም አንድ ነው፤ እንዲህ የታረሙ ሃያ ገጾች ከመጨረሻው ዓመት ፈተናዎች የአንዱን ቦታ ይዘው ነጥብ እንዲሰጥባቸው እንጠይቃለን። መልሱን እስክንሰማ ድረስ ሥራው በማኅበሩ ቢሮ ይጀመራል። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሁለት አራሚዎች ይቀመጣሉ። ረቂቁን የሚያመጣ ተማሪ በአንድ ወገን ብቻ፣ በሰፊ መሥመርና በሰፊ ኅዳግ አጽፎ ያምጣልን። ከማስረከቢያው ቀን ሦስት ሳምንት ያልቀደመ ረቂቅ ግን አንቀበልም።