አሮጌዋን ጀልባ ሳድስ

እኛ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት የምንኖር ሰዎች በረዶው ቀልጦ ሙቀቱ ሲገባ የምንሄድበት አናጣም። ግዛቲቱ «የአሥር ሺህ ሐይቆች ምድር» ትባላለች። ጎረቤቱ ሁሉ ጀልባውን ከመኪናው ኋላ እየጎተተ ሲያልፍ የሚያዩ ልጆችም «እኛስ?» ማለታቸው አይቀርም። የእኔዎቹም አሉ። አዲስ ጀልባ ከነሞተሩና ከነተሳቢው ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ ሻጩ ፈጥኖ የሚያቀርብላችሁም የወለድ ብድር ነው። እሱን ትተን ከአንድ ሽማግሌ ጓሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የተሠራች 14 ጫማ ወይም 4 ሜትር ከሩብ ያህል የምትረዝም የአሉሚኒየም ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ በጥሬ ገንዘብ ገዛን።

ጀልባዋ ምንም ጌጥ አልነበራትም። ሦስት ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው የተዘረጉ የአሉሚኒየም አግዳሚ መቀመጫዎችና የጎድን አጥንት የመሰለ ባዶ ወለል፤ በቃ። እኔ ደግሞ በሰው ጀልባ ላይ የሚሽከረከር ባለመደገፊያ ወንበርና ምንጣፍ የለበሰ ወለል አይቼ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ገብቼ ስቆርጥና ስበሳ ከረምኩ። ከሱቅ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ገዝቼ ወለሉን ሸፈንኩ፣ ምንጣፍ ለጠፍኩበት፣ ሁለት ወንበር ተከልኩ። አግዳሚዎቹን ስከፍት ውስጣቸው ፎም ታጭቆ አገኘሁ፤ ግማሹ ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከብዷል። አውጥቼ ጣልኩትና ቦታውን የዕቃ ማስቀመጫ አደረግሁት። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ እኔም የልብ ልብ ተሰማኝ።

በነሐሴ ወር ሚል ላክስ ወደሚባለው ሐይቅ ሄድን። ከሚኒያፖሊስ ሁለት ሰዓት ያህል ያስነዳል። ስፋቱ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዝዋይ ሐይቅ ጥቂት የሚበልጥ ብትሉት ልክ ነው። ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታም 13 ሜትር አይሞላም። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ፈጥኖ ይቆጣል፤ ማዕበሉም አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ይህንን ያወቅሁት እዚያው መሐል ላይ ነው። ነፋሱ ሲነሳ ወደ ዳር ዞርኩ፤ ፍጥነት ስቀንስ ከኋላ የመጣው ማዕበል ሞተሩ በታሰረበት በኩል ዘልቆ ገባ፤ ሁለተኛውም ተከተለ። የገባው ውሃ አልታየንም፤ ያ የኮራሁበት ወለል ሸፍኖታልና። ባለቤቴ «እግሬ ሥር ምንጣፉ ረጥቧል» ስትል ጀልባዋ እንደ ጠገበ በሬ መንቀሳቀስ አቅቷት ነበር። በባልዲ ለመቅዳት ብንፈልግም ውሃው ከእንጨቱ በታች ነው። ልጆቹ የሕይወት አድን ሰደርያ ለብሰው ነበር፤ በሚኒሶታ ሕግም ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባዋ ስትንቀሳቀስ መልበስ ግዴታው ነው። ቢሆንም የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ፊቴን ስታይ እኔ ምን እንዳየች አውቃለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ዳር ደረስን።

በሰፈራችን በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ላይ በጀልባ ጥገና የሠሩ አንድ ሐጂ አሉ። ጋራዤ መጥተው ጀልባዋን ዞሩና ከኋላዋ የተለጠፈች ትንሽ የቆርቆሮ ጽሑፍ በጣታቸው ጠርገው «ይህችን አንብበሃታል?» አሉኝ። በመለያ ቁጥሯ ዓይነት ነገር መስላኝ አንብቤያት አላውቅም። ሰው እስከ 500 ፓውንድ፣ ሰው፣ ሞተርና ዕቃ ተደምሮ ደግሞ እስከ 820 ፓውንድ ትላለች፤ ይህ 372 ኪሎ ነው።

«በል ደምር» አሉኝ። ኮምፔንሳቶውና ተሸካሚ እንጨቱ 60 ኪሎ፣ ወንበሮቹ 15፣ ለዓሣ መፈለጊያው መሣሪያ የገዛሁት ትልቅ ባትሪ 25፣ ሞተሩ 50፣ ቤንዚኑ ከነገንዳው 20፣ መልሕቁ 7፤ ሰው ሳይገባባት 177። እኛ አራታችን 223። ጠቅላላው 400! ወለሉንና ወንበሮቹን ሳልጨምር ብሄድ ኖሮ 325 ኪሎ ይዘን በሰላም እንመለስ ነበር። ወለሉን ከፍ ማድረጌ ደግሞ የእኛን ክብደት ወደ ላይ አንሥቶ ጀልባዋን ለመገልበጥ አቀረባት። የጽሑፍ ሰሌዳዋ የጠፋባችሁ እንደሆነ የጀልባዋን ርዝመት በስፋቷ በጫማ አባዙና ለ15 አካፍሉ፤ የሚወጣው በተረጋጋ ውሃ ላይ የምትይዘው የሰው ቁጥር ነው።

ስለ ፎሙ ስነግራቸው ግን ሐጂ ዝም አሉ። ቆይተው «ልጄ፣ ያ እኮ የጀልባዋ ሰደርያ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1978 በኋላ የተሠሩ፣ ከ20 ጫማ በታች የሆኑና ከ2 ፈረስ ጉልበት በላይ ሞተር ከውጭ የሚታሰርባቸው ጀልባዎች ውሃ ቢሞላቸውም እንኳ ሳይገለበጡ መንሳፈፍ እንዲችሉ ሆነው እንዲሠሩ ሕግ ያስገድዳል። ይህንን የሚያደርገው አግዳሚው ሥር ያለው ፎም ነው። አሉሚኒየም ብቻውን እንደ ማንኪያ ይሰምጣል። ውሃ የጠጣውን ማውጣቴ ትክክል ነበር፤ ባዶውን መተዌ ነው ጥፋቱ።

ስለዚህ እንደገና ጀመርን። ወለሉን ነቀልን። ከሥሩ ያየሁት ነገር አሁንም ያስደነግጠኛል፤ የገዛሁት ኮምፔንሳቶ እንዳይበሰብስ ተብሎ በመዳብ ውህድ የታከመ ኖሮ፣ በነካበት ቦታ ሁሉ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እያወጣ ተቦርቡሯል። መዳብና አሉሚኒየም እርጥበት መሐላቸው ሲገባ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ የሚበላው ደግሞ ሁልጊዜ አሉሚኒየሙ ነው። የመዳብ ሳንቲም እንኳ ጀልባ ውስጥ ጥላችሁ አትርሱ። ለብሎኑም የማይዝግ ብረት ይሻላል፤ በሁለቱ ብረቶች መካከልም ማሸጊያ ማስቲሽ ይደረግ።

ቀጥሎ ሐጂ ጀልባዋን ተሳቢው ላይ እንዳለች ከውስጥ በጎማ ቱቦ ውሃ ሞላንባት፤ ብዙ አይደለም፣ ስንዝር ያህል፤ ውሃ ከባድ ስለሆነ ተሳቢውን ይጎዳል። ልጄ በጠመኔ ከሥሯ ገብታ የሚያንጠባጥበውን ሪቬት ሁሉ ከበበች። አሥራ አንድ ተገኘ። ወንድሟ ከውጭ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል፣ እኔ ከውስጥ በመዶሻ እመታለሁ፤ የላላው ሪቬት እንደገና ይጠብቃል። ሁለቱ አልጠበቁም፤ ተለወጡ። በየሱቁ የሚሸጠው በመሐሉ ቀዳዳ ያለው ሪቬት ውሃ ስለሚያሳልፍ ጫፉ የተደፈነውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ በካቻቪቴ ስንወጋው ውስጡ ያለው እንጨት እንደ ተነከረ ዳቦ ገባ። በዚያ ላይ ነበር 50 ኪሎ ሞተር አስሬ ቤተሰቤን የጫንኩት! ሁለት ያልታከመ ኮምፔንሳቶ አጣብቀን፣ ጠርዙንና ቀዳዳውን ሁሉ በኢፖክሲ ደፍነን ተካነው። ይህ ሥራ ሁለት ቅዳሜ ወሰደ፤ የሚታይ ውበት ግን የለውም።

አግዳሚዎቹንም ውሃ በማይጠጣ ፎም ሞላናቸው። ለቤት ግድግዳ የሚሸጠው ሰማያዊ ወይም ሮዝ ፎም ርካሽ ነው፤ ሆኖም ቤንዚን ሲነካው ስለሚሟሟ ሐጂ አልወደዱትም። ቤንዚን የሚቋቋም መርጠን ጥቂት ጨምረን ከፈልን። ለመርገጫ ቀላል የጎማ ምንጣፍ ብቻ አነጠፍን፤ ውሃ ሲገባ ይታያል።

በመጨረሻ ወደ ሰፈራችን ትንሽ ሐይቅ ወሰድናት፤ ውሃው ደረት የሚደርስበት ቦታ። ሞተሩንና ባትሪውን አውርደን በክብደታቸው ልክ አሸዋ በጆንያ ጫንን። ልጄ የማፍሰሻውን ቡሽ ትይዛለች፤ በሚኒሶታ የሐይቁ ተባይ ወደ ሌላ ሐይቅ እንዳይዛመት በመንገድ ላይ ቡሹ ወልቆ መጓዝ ስላለበት፣ ሰው ሁሉ መልሶ መድፈኑን ይረሳል። እሷ እስካሁን ረስታ አታውቅም። ያን ቀን ግን «አትድፈኚው» አሏት ሐጂ።

ውሃው በቀዳዳው እየፈለቀ ገባ። ጀልባዋ ዝቅ፣ ዝቅ አለች፤ ጠርዟ ከውሃው ጋር እኩል ሊሆን ሲል ቆመች። ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃ ውስጥ የቆሙት ሐጂ ጎኗን በሁለት እጃቸው ወደ ታች ተጫኗት፤ ተመልሳ ወጣች። ልጄን አንሥተው ውሃ በሞላው መካከለኛ አግዳሚ ላይ አስቀመጧት። እግሯን እያንቦጫረቀች ሳቀች።

«አሁን አንዱን ወንበርህን መግጠም ትችላለህ» አሉኝ፤ «አንዱን ብቻ።»