መቶ በመቶ ያሸነፈ ማንን ነው ያሸነፈው?

ምርጫ በመጣ ቁጥር ሁላችንም ዓይናችንን የምንተክለው አራት ኪሎ ላይ ነው። ፓርላማ ማን ገባ? ስንት ወንበር ተያዘ? ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማን ሆነ? ያን ሁሉ ሆይ ሆይታ ስንል በዚያው ቀን፣ በዚያው ጣቢያ፣ በሌላ ወረቀት የመረጥነውን የክልል ምክር ቤት እንረሳዋለን። ትንሽ ነገር ይመስለናላ! «ትንሽ ቆሎ ይዘህ ወደ አሻሮ ተጠጋ» ብለን የተውነው ምክር ቤት ግን የቤታችንን ምሰሶ የያዘው እሱ ነው።

እስቲ ሕገ መንግሥቱን እንግለጠው። የክልሉ የበላይ ሥልጣን የክልሉ ምክር ቤት ነው ይላል። የክልሉን ሕግ ያወጣል፤ የራሱን ሕገ መንግሥት ያሻሽላል። የገበሬው መሬት የሚተዳደረው በክልሉ ነው። ይህ ብቻ አይደለም። ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላቱን የሚያገኘው ከክልል ምክር ቤቶች ነው። እንግዲህ ክልሎቹን ጠቅልሎ የያዘ ድርጅት ሕግ አውጪም ነው፣ ሕግ ተርጓሚም ነው፣ በክልልና በክልል፣ በክልልና በማዕከል መካከል ጠብ ቢነሣ ሽማግሌም እሱ ነው። ተጫዋቹም ዳኛውም አንድ ሲሆን ተመልካቹ ምን ይላል? ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ሜዳውን ይወራል።

ታሪካችን ደግሞ ይኸንኑ ነው ያሳየን። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ የፓርላማ ወንበር 545ቱን ወሰዱ፤ ለመድረክ አንድ፣ ለአንድ የግል ተወዳዳሪ አንድ ቀረ። ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. ደግሞ ያችም ሁለት ወንበር በዛች ተባለና 547ቱም ተጠቀለለ። ክልሎቹም ከሞላ ጎደል ያው ሆኑ። መቶ በመቶ! ጭብጨባው ቀለጠ።

ታዲያ ምን ሆነ? ግማሽ ዓመት ሳይሞላ፣ ኅዳር 2008 ዓ.ም. ላይ ጊንጪ ተነሣች። ጉዳዩ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ኦሮሚያ ማስተር ፕላን ነበር። ጨፌ ኦሮሚያ ውስጥ ተነሥቶ «ይኸ ነገር ገበሬውን ያፈናቅላል» የሚል አንድ እንኳ የተቃዋሚ ወንበር አልነበረም። በአዳራሽ ያልተባለው በመንገድ ተባለ። የራሱ የመንግሥት የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ለፓርላማ ባቀረበው ሪፖርት ብቻ 669 ሰው መሞቱን ተናገረ። መቶ በመቶ ያሸነፈው እንግዲህ ማንን ነው ያሸነፈው?

የሚያሳዝነው፣ በሽታውን ገዥዎቹ ራሳቸው ያውቁት ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ማግስት፣ መስከረም 30 ቀን 2009 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ለሁለቱ ምክር ቤቶች ባደረጉት ንግግር የምርጫ ሕጉ ተሻሽሎ የተመጣጣኝ ውክልና እንደሚገባበት ቃል ገቡ። ቃሉ ግን ቃል ሆኖ ቀረ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ያንኑ የ«አንደኛ የወጣ ሁሉን ይውሰድ» ሥርዓት ይዞ ቀጠለ።

ይኸ ሥርዓት ምን ያደርጋል? አንድ ወረዳ ላይ አራት ፓርቲ ይወዳደር። አንዱ ከመቶ 31 ቢያገኝ፣ ሌሎቹ 23፣ 23፣ 23 ቢያገኙ፣ ወንበሩ የባለ 31ዱ ነው። የ69ኙ ድምፅ ውኃ በላው። ይኸ በየወረዳው ሲደገም ክልሉ በሙሉ የአንድ ድርጅት ይመስላል።

ማንም ይኸ የተቃዋሚ እሮሮ ብቻ ነው እንዳይለን። በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት ከ138ቱ የከተማ ምክር ቤት ወንበር 137ቱን ወሰደ። ድሉ የሕዝብ ድል ነበር፤ አይካድም። ግን በዚያች ከተማ ኢሕአዴግን የመረጠ ሰውም ነበር፣ ድምፁ አንዲት ወንበር ሆና ቀረች። ሁሉን የሚያጣ ወገን ሥልጣን ማስረከብን እንደ ሞት ይፈራል። ከተማዋ በመረጠቻቸው ሰዎች ሳትመራ ቀርታ ለባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች፤ በምርጫው ማግስት በተነሣው ግጭትም አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሲቪል ሰዎች መገደላቸውን አረጋገጠ።

«ታዲያ ተመጣጣኝ ውክልና መድኃኒት ነው?» ለሚለን፣ ብቻውን አይደለም እንላለን። ትግራይ ጳጉሜን 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ባካሄደችው ምርጫ ምክር ቤቷን ከ152 ወደ 190 አሳድጋ 38ቱን ወንበር ለተመጣጣኝ ውክልና መድባ ነበር። ሕወሓት 98.2 በመቶ ድምፅ አገኘ ተባለ፣ በቀጥታ ውድድር የቀረቡትን 152 ወንበሮችም ሁሉንም ወሰደ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ ምርጫው ገና ሳይካሄድ እንዳልተደረገ ይቆጠራል ብሎ ወስኖ ነበር። ሁለቱም ወገን የሚያምነው ዳኛ ጠፋ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ፈነዳ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ነፃ ሜዳና የታመነ ዳኛ ከሌለ የወንበር ስሌት ብቻውን አያድንም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በክልል ምክር ቤቶች ከፊሉ ወንበር በድምፅ መጠን ይደልደል፤ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የአብላጫ ድምፅን ሥርዓት የደነገገው ለተወካዮች ምክር ቤት ነውና፣ ክልሎችን በተመለከተ አዋጁንና የክልል ሕጎችን ማሻሻል ይበቃል። ሁለተኛ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን ሕዝቡ በቀጥታ ይምረጥ፤ አንቀጽ 61 ይኸን ይፈቅዳል፣ በሩ ክፍት ነው፣ የገባበት ግን የለም። ሦስተኛ፣ ተቃዋሚ በወረዳና በቀበሌ ሳይዋከብ ይቀስቅስ።

ይኸ ለተቃዋሚ የሚደረግ ምጽዋት አይደለም። ምክር ቤት ውስጥ የሚጮኽ አንድ ሰው መንገድ ላይ ከሚወድቁ መቶ ወጣቶች ያድናል። ሰሚ ያለው ተቃውሞ ክርክር ይሆናል፤ ሰሚ ያጣው ግን ድንጋይ ያነሣል፣ ከዚያም ጠመንጃ። ምርጫውን ለጭብጨባ ሳይሆን ለሰላም የሚፈልግ መንግሥት ካለ፣ ባዶ ወንበር ሳይሆን የሚከራከር ሰው የተቀመጠበት ወንበር ያዘጋጅ!