መናገር ላቃታቸው የሚሆን አፕሊኬሽን ሲመረጥ እኛም እንጠየቅ

ባለፈው ከጸሎት በኋላ ሻይ ስንጠጣ ቤይሩት ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህታችን ማዳሟ ስለ ገዛችው ታብሌት አጫወተችን። የማዳም እናት፣ ቤቱ ሁሉ ቴታ የሚላቸው፣ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም፤ ከአፋቸውም ከሁለት ከሦስት ቃል በላይ አይወጣም። ማዳም ዘመድ ጠይቃ ሥዕል ሲነካ ድምፅ የሚያወጣ አፕሊኬሽን አስጫነችና «በይ አለማምጃት» ብላ ለእህታችን ሰጠቻት። ሥዕሉ 60 ያህል ነው። ድምፁ ዜና የሚያነብ ሰው ዓረብኛ ነው። ቴታ አንድ ጊዜ ነክተው ሰሙትና ታብሌቱን በግራ እጃቸው ገፉት። ሳምንት ሲሞላ ማዳም «አንቺ ሰንፈሽ ነው» አለቻት።

በእኛ አስተያየት እህታችን አልሰነፈችም፣ ቴታም አልሰነፉም። የተሳሳተው ምርጫው ነው። የተሳሳተውም ከጠዋት እስከ ማታ ከቴታ ጋር የምትውለው ሰው ሳትጠየቅ ስለ ተመረጠ ነው። ቴታ ሲርባቸው ምን እንደሚያደርጉ፣ የትኛውን ጎን ሲነኳቸው እንደሚጮኹ፣ ለማን ፊታቸው እንደሚፈታ የምታውቀው እርሷ ናት። ከእኛ ብዙዎቻችን እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ስላለን፣ አንዳንዶቻችንም መናገር ያልጀመረ ልጅ ስለምናሳድግ፣ ነገሩን በደንብ ብናውቀው ይጠቅመናል።

መጀመሪያ ቋንቋውን እንይ። በኮምፒውተር የሚሠራው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የመጽሐፍ ዓረብኛ ነው። ሊባኖስ ውስጥ ውሃ የጠማው ሰው «በዲ ማይ» ይላል፤ ማሽኑ ግን «ኡሪዱ ማእ» ይላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም «እፈልጋለሁ» ለማለት «አቢ» ወይም «አብጋ» ነው የሚባለው። 80 ዓመት በአንድ ቋንቋ የኖረች ሴት ድንገት እንደ ሬዲዮ ተናገሪ ስትባል ብትገፋው ይፈረድባታል? ስለዚህ የሰው ድምፅ መቅዳት የሚያስችል አፕሊኬሽን ይሻላል። የልጅ ልጃቸው በቤቱ አነጋገር ትቅዳላቸው። የእኛን ድምፅ መቅዳት ግን አንመክርም፤ የእኛ ዓረብኛ ምን እንደሚመስል እናውቃለንና!

ቀጥሎ ሕመሙ አለ። ስትሮክ የአንጎልን ግራ ክፍል ሲመታ ቃል ይጠፋል። ሰውየው ሐሳቡ አለ፣ ፊት ለይቶ ያውቃል፣ ብዙ ጊዜ የምንለውንም ከምንገምተው በላይ ይሰማል። ነገር ግን ማንበብና መጻፍም አብሮ ሊጎዳ ስለሚችል ፊደል የሚያስመታ አፕሊኬሽን ለእንዲህ ያለ ሰው አይሆንም። አንደበታቸው ብቻ ተይዞ ማንበብና መጻፍ ለሚችሉት ግን በተቃራኒው ሥዕል መስጠት ስድብ ይሆናል፤ እነርሱ ጽፈው ማሽኑ የሚያነብላቸውን ይፈልጋሉ። የእንግሊዙ ሳይንቲስት ስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1985 ጉሮሮው ተቀዶ ድምፁን ካጣ በኋላ እስከ ሞተበት እስከ 2018 ድረስ በኮምፒውተር ድምፅ ይናገር ነበር።

እህታችን ያስተዋለችውና ማንም ያላሰበው ሌላ ነገር አለ። ቴታ ሳህን ሲቀርብላቸው በቀኝ በኩል ያለውን ምግብ ይተዉታል። ያልፈለጉት እየመሰላት ቆይታ በኋላ ሳህኑን ስታዞረው በሉት። ይህ በስትሮክ የሚመጣ ነው፣ ዓይን ጤነኛ ሆኖ በአንድ ወገን ያለውን አለማየት። የዓረብኛው አፕሊኬሽን ደግሞ እንደ ጽሑፉ ከቀኝ ስለሚጀምር ዋና ዋናዎቹ ሥዕሎች የተደረደሩት ቴታ በማያዩት በኩል ነበር። ሥዕሎቹን በፈለጉት ቦታ ማስቀመጥ፣ ቁጥራቸውን ወደ 6 ወይም 8 መቀነስ፣ ማተለቅም መቻል አለበት። አንዴ ከተቀመጡ ወዲያ ግን ቦታቸው አይቀያየር፤ እጅ የሚለምደው ቦታን ነውና።

ስለ ዋጋ ከጠየቃችሁ፣ ውድ መሆኑ ብቻ አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ፕሮሎኮ ቱ ጎ የሚባለው ስመ ጥር አፕሊኬሽን 250 ዶላር ያህል ያስወጣል፣ የሚሠራውም በአፕል ዕቃዎች ላይ ብቻ ነው፣ ዓረብኛም የለውም። ሲቦርድ የሚባለው ግን በነፃ ይገኛል፣ በአንድሮይድ ይሠራል፣ ዓረብኛንም ይጨምራል። የስፔኗ የአራጎን ክልል መንግሥት አራሳክ በሚል ስም ያወጣቸው በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሥዕሎችም ለንግድ እስካልዋሉ ድረስ በነፃ ይወሰዳሉ። ቀጠር ውስጥ የተዘጋጀው ተዋሱል ደግሞ የአካባቢውን አለባበስና ኑሮ የሚያሳዩ ሥዕሎች አሉት። ማዳም ገንዘብ ከማውጣቷ በፊት እነዚህን ብታይ ምን አለበት?

«ሥዕል ከለመደ ጨርሶ መናገር ይተዋል» የሚሉ ቤተሰቦችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት ቀደም ሲል የተደረጉትን ጥናቶች መርምሮ፣ በእንዲህ ያለ ዘዴ ምክንያት ንግግሩ የቀነሰበት ሰው አላገኘም፤ አብዛኞቹ እንዲያውም ጨምረዋል።

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ። ብዙ ቤት የሚቀመጡት ሥዕሎች ውሃ፣ ምግብ፣ ሽንት ቤት፣ እንቅልፍ ናቸው። ይህ ለእኛ ሥራ ይመቻል፤ ሰውየው ጠየቀ፣ እኛ ሰጠን፣ አለቀ። ነገር ግን «አልፈልግም»፣ «ተዪኝ»፣ «አመመኝ»፣ «እንደዚያ አይደለም»፣ «ልጄን ጥሪልኝ» የሚሉት ካልተጨመሩ ያ ሰው መቼ ተናገረ? ክንዳቸው ላይ ሰማያዊ ምልክት ሲገኝ መጀመሪያ የምንጠረጠረው እኛ መሆናችንን የማያውቅ የለም። ቴታ ራሳቸው መናገር ቢችሉ ብዙዎቻችን ከሐሰት ክስ እንድናለን። በግልጽ እንነጋገር ካልን ደግሞ ሌላም አለ፤ ሌሊቱን ሳንተኛ አድረን፣ ደክሞን፣ እጃችን የከበደበት ቀን አለ። ያን ቀን ያ ቁልፍ በእኛም ላይ ይናገራል። ቢሆንም መቀመጥ አለበት እንላለን።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። አፕሊኬሽኑን በራሳችሁ ስልክ ላይ አትጫኑ። ኮንትራት ሲያልቅ ወይም በድንገት ስትወጡ የእርሳቸው ንግግር በቦርሳችሁ ይሄዳል። የቤተሰቡን ፎቶ ማንሳት ሲያስፈልግም ማዳም ራሷ፣ በቤቱ ዕቃ ታንሳ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለ ፈቃድ ሰውን ፎቶ ማንሳት እስከ ፍርድ ቤት ሊያደርስ ይችላል።

መብራት በሚጠፋበት አገር ደግሞ ታብሌት ብቻውን አይታመንም። ያንኑ ሥዕል በወረቀት አሳትሞ በፕላስቲክ መሸፈን ነው። ዘካርያስም አንደበቱ በተያዘ ጊዜ የለመነው መጻፊያ ሰሌዳ አልነበረም? ሥዕሉን ካሳያችሁ በኋላ ዝም ብላችሁ በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ቶሎ ስለምንገምትላቸው ነው ብዙዎቹ የሚተዉት። እናንተም ስትናገሩ ሥዕሉን እየነካችሁ ተናገሩ፤ ልጅ ቋንቋ የሚለምደው ሲነገር ሰምቶ አይደለምን?

አገር ቤት የማይናገር ልጅ ለእናቷ ትታ የመጣች እህትም በመካከላችን አለች። የአማርኛ ድምፅ ያለው አፕሊኬሽን እየፈለገች ተቸግራ ነበር። አያቱ ራሳቸው ድምፃቸውን ቢቀዱ ይበቃል አልናት። አዲስ አበባ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ።

የቤይሩቷ እህታችን ታብሌቱን ይዛ ማዳምን «ተሳስተሻል» አላለቻትም። ሳህኑን አቅርባ፣ አዙራ አሳየቻት። ማዳም ዝም ብላ አየች። ማታውን የልጅ ልጅየው ስድስት ቃል ቀዳች፣ ሥዕሎቹም ወደ ግራ ሄዱ። ቴታ በሁለተኛው ሳምንት አዘውትረው የሚነኩት «ቴሌቪዥኑን አጥፉት» የሚለውን ሆነ። ቤቱ ሁሉ ይወዱታል እያለ ለካስ ቀኑን ሙሉ ሲከፍትባቸው ኖሯል።

ባለ ስድስትና ባለ ስምንት ሥዕል ወረቀት በሊባኖስ አነጋገር አዘጋጅተን ከሻይ ጠረጴዛው አጠገብ እናስቀምጣለን። በባሕረ ሰላጤው ያላችሁ የእናንተን ቃላት ጽፋችሁ ላኩልን።