«ካንሰር ታክመሻልና ከባድ እንዳታነሺ» የሚለው ምክር

የዛሬው ጽሑፍ ራሴን በመውቀስ ይጀምራል።

ከተወሰኑ ዓመታት በፊት ሜክሲኮ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ለክትትል መጡ። የጡት ካንሰር ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው፣ የብብታቸው ንፍፊት ወጥቶ፣ ኬሞውንና ጨረሩን ጨርሰዋል። «አሁን ምን ልጠንቀቅ?» ሲሉኝ ብዙም ሳላስብ «በዚህ እጅዎ ከባድ ነገር እንዳያነሱ፣ ይረፉ» አልኳቸው።

በዓመቱ ተመልሰው ሲመጡ እጃቸው ከትከሻቸው በላይ አይነሳም። እንጀራ መጋገር ትተዋል፣ የልጅ ልጃቸውን አያቅፉም። «ልጆቼ ዶክተሩ ብሏል እያሉ ጀበና እንኳ አያስይዙኝም» አሉኝ። በጣም አፈርኩ።

ምክሩን ከኪሴ አላመጣሁትም፣ እኛም እንዲሁ ነበር የተማርነው። ንፍፊት ሲወጣ ወይም በጨረር ሲጎዳ ከእጅ የሚመለሰው ፈሳሽ መንገዱ ስለሚጠብ እጅ ሊያብጥ ይችላል። ታዲያ «እጁ ከሠራ ያብጣል» ተባለ። ግን አንድ ነገር ተዘነጋ፦ ይህን ፈሳሽ ወደ ላይ ከሚገፉት ነገሮች አንዱ የጡንቻ እንቅስቃሴ ነው!

እ.ኤ.አ. በ1996 ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ ዶን ማኬንዚ የተባለ የስፖርት ሐኪም ይህን ምክር ተጠራጠረ። የጡት ካንሰር የታከሙ 24 ሴቶችን ሰብስቦ፣ ቀስ በቀስ አሠልጥኖ፣ የዘንዶ ጀልባ አስቀዘፋቸው። ይህ የቻይናውያን ረጅም ጀልባ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 20 ሰው በከበሮ ምት እኩል ይቀዝፈዋል። ከእጅና ከትከሻ የሚወጣ ከባድ ሥራ ነው። ሆኖም ከመካከላቸው አዲስ የእጅ እብጠት የያዛት አልተገኘችም። ዛሬ በብዙ አገር እንዲህ የሚቀዝፉ ቡድኖች አሉ። 24 ሰው ጥቂት ነው ካላችሁ ልክ ናችሁ። ግን በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ እጃቸው ቀድሞውኑ ያበጠ 141 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ወጣ። በባለሙያ እየታገዙ ቀስ በቀስ ክብደት ያነሱት እብጠታቸው አልጨመረም፣ እንዲያውም የሚባባስባቸው ጊዜ ቀነሰ።

«እኛ ጋ ጀልባ የት አለ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ የሚቀዘፍ ውሃ የለም (ክረምት ላይ ካልሆነ በቀር!)። መንገድ ግን አለ። ከሜክሲኮ በለገሃር አድርጎ መስቀል አደባባይ መድረስ ለጀማሪ ጥሩ የእግር ጉዞ ነው። ታላቁ ሩጫ የሚያዘጋጀው የሴቶች 5 ኪሎ ሜትርም አለ፤ የፈለገ እየተራመደ ይጨርሰዋል።

የኔ አቋም ይህ ነው፦ የጀልባው ትልቁ መድኃኒት ጀልባው ብቻ አይደለም፣ አብሮ መሆኑም ነው። እኛ ለለቅሶ እንሰባሰባለን፣ እድርና ማኅበር አለን። ካንሰርን ያለፈ ሰው ግን ብቻውን ነው። «ሰው ይሰማል» ብሎ ይደብቃል፤ ቤተሰብም በፍቅር ብዛት ያስተኛዋል። እህቶቼ፣ ቲሸርት ማሳተም አያስፈልግም። ወረፋ ስትጠብቁ የተዋወቃችሁ ሦስት ሴቶች፣ ስኒከርና ቅዳሜ ጠዋት ይበቃሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን፦

✅ የሚከታተላችሁን ሐኪም ጠይቁ። በተለይ በሽታው አጥንት ከነካ፣ የልብ ችግር ካለ ወይም ኬሞ ላይ ከሆናችሁ ያለ ምክር አትጀምሩ።

✅ በትንሹ ጀምሩ። 10 ደቂቃ እርምጃ ይበቃል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ጨምሩ። ለእጅ ደግሞ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ሃይላንድ ጥሩ መጀመሪያ ነው።

✅ እጃችሁ ከወትሮው ከከበዳችሁ ወይም ቀለበት ከጠበባችሁ ቀነስ አድርጋችሁ ለሐኪም አሳዩ። እጁ ቀልቶ ከሞቀና ትኩሳት ካለ ቀን ሳትቆጥሩ ወደ ሕክምና ሂዱ።

✅ እንቅስቃሴ መድኃኒትን አይተካም። የታዘዘላችሁን እንክብል እንዳታቋርጡ።

እኚያ እናት ከፊዚዮቴራፒ በኋላ አሁን ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ይራመዳሉ። ትከሻቸው እንደ ድሮው አልሆነም፤ ያንን ዓመት መመለስ አልችልም። ጀበናውን ግን ተቀብለዋል።

የታከመች እናት፣ እህት ወይም ጎረቤት ያላችሁ፦ «አረፍ በይ» ከማለት «ነይ አብረን እንራመድ» በሏት። ለሌሎችም እንዲደርስ ሼር አድርጉ። መልካም ጤንነት!