ከፎቶው የቀረው ግንድ

አንቴሎፕ ካንየንን በስም ባታውቁት እንኳ ፎቶውን ሳታዩ አልቀራችሁም። እንደ ጨርቅ የተጣጠፈ ቀይና ብርቱካንማ ድንጋይ፣ በመሐሉ ከላይ የሚወርድ ብርሃን። የሚገኘው አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ፣ ፔጅ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ በናቫሆ ሕዝብ መሬት ላይ ነው። ባለፈው ክረምት ላስ ቬጋስ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ጋ ሄጄ ስለነበር ከአራት ሰዓት በላይ ነድተን አየነው።

የገባነው ታችኛው ካንየን ነው። ከላይ ሲታይ ምንም የለም፤ ጠፍጣፋ ዓለት፣ አሸዋ፣ መሬቱ ላይ አንድ ጠባብ ስንጥቅ። "ይሄ ነው እንዴ?" አለች እህቴ። በብረት መሰላሉ ስንወርድ ግን ምን ልበላችሁ፣ አፋችንን ይዘን ቀረን። ግድግዳው ቀጥ ያለ ቦታ የለውም፤ ይጠማዘዛል፣ ይተጣጠፋል፣ ትከሻ ካላዘነበሉ የማያሳልፍ ቦታም አለ። ብርሃኑ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ስለሚወርድ አንዱ ወገን ወርቅማ ሲሆን ጥላ ውስጥ ያለው ወይን ጠጅ ይመስላል። ድንጋዩ በጁራሲክ ዘመን፣ ከ180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ነፋስ የከመረው የበረሃ አሸዋ ነበር። ግድግዳው ላይ ያሉት ሰያፍ መስመሮች የዚያ ክምር ንብርብሮች ናቸው። ክፍል ውስጥ በጠመኔ ተስሎ ያየሁትን እዚያ በእጄ ዳሰስኩት።

አስጎብኚያችን ትሑት የናቫሆ ሴት ነበረች። የየሰዉን ስልክ እየተቀበለች ካሜራውን ታስተካክላለች፤ ከየት ቢነሣ የሴት ፊት እንደሚመስል ታሳያለች፤ ከዚያ "ቀጥሉ!"። ከኋላችን ሌላ ቡድን ነበር። ሰዉ ያጉረመርማል፦ ያለ አስጎብኚ አይገባም፣ ዋጋው ውድ ነው፣ ቆመን እንድናይ አይፈቀድም። እኔም አጉረምርሜያለሁ፣ አልዋሽም። ቀና ስል ግን ከራሴ በላይ በሁለቱ ግድግዳዎች መሐል የተሰነቀረ ደረቅ ግንድ አየሁ። ሰው አልሰቀለውም።

ያኔ ደቻቱ ትዝ አለኝ። ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፤ ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ሰው ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሲያልቅ፣ በሌሊት፣ ሰው እንደተኛ ጎርፉ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ትንሽ ልጅ ስለነበርኩ የቀረኝ ድምፁ ብቻ ነው። ውሃው የወረደው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ነው። ታችኛው ካንየንም እንዲሁ፦ ነሐሴ 6 ቀን 1989 ዓ.ም. ድንገተኛ ጎርፍ 11 ጎብኚዎችን ገደለ። እነሱ የነበሩበት ቦታ ላይ የጣለው ዝናብ ጥቂት ነበር፤ ዶፉ የወረደው ራቅ ብሎ ነው። መሰላሉም ያን ጊዜ የእንጨት ነበር።

ስለዚህ በእኔ አመለካከት አስጎብኚ ግዴታ መሆኑ ትክክል ነው። ሰማዩን የሚጠብቅልን ሰው ያስፈልጋል። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ስለ ጎርፉ የተነገረን በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲሆን ስለ ካሜራ ግን በየመታጠፊያው ነው። ያንን ግድግዳ ያለሰለሰው እኮ ያው ገዳዩ ውሃ ነው፤ አሸዋ ተሸክሞ በኃይል እያለፈ ሞረደው። ይህን ሳያውቅ የወጣ ሰው ቆንጆ ግድግዳ አየ እንጂ ካንየኑን አላየም ባይ ነኝ። "ለመዝናናት የመጣን ሰው ለምን ታስፈራራለህ?" የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ግን ግንዱን ካየሁ በኋላ አልፈራሁም፤ ይልቅ እያንዳንዱ እጥፋት ውሃው በየት በኩል እንደዞረ ይነግረኝ ጀመር። እህቴ በዚህ አትስማማም። ያን ሌሊት እኔን አዝላ የሸሸችው እሷ ስለሆነች ብዙ አልተከራከርኳትም።

ካነሣቻቸው ፎቶዎች አንዱን አሳጥባ ሳሎኗ ሰቅላዋለች። በጣም ያምራል። ግንዱ እንዳይገባ ካሜራውን ትንሽ ዝቅ አድርጋ ነው ያነሣችው።